የወጌሻው ልጅ ደም አልረጋም አለ

ከደካ የመጣው ሚኒባስ ቦንጋ መናኸሪያ ሲደርስ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ጋሽ ገሠሠ ጋቢያቸውን በላስቲክ ሸፍነው ወረዱና ያገኙት ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ከውስጥ አንዲት ቀጭን ልጅ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሸራው በሁለቱም በኩል ስለሚያፈስ ወደ መሀል ተጠጋጉ። ተጠጋግቶ ዝም ማለት ደግሞ ጋሽ ገሠሠ የማይችሉት ነገር ነው።

ጋሽ ገሠሠ ወጌሻ ናቸው። አባታቸውም ወጌሻ፣ አያታቸውም ወጌሻ። በጌሻ ወረዳ እጁ ወይ እግሩ በእሳቸው ያልታሰረ ሰው ካለ ገና ያልወደቀ ሰው ነው። እንዲህ የተከበረ ሰው ሐሳቡን እስኪጠይቁት አይጠብቅም።

«ወደ ሆስፒታል ነሽ?» አሏት።

«አዎ፣ አባባ።»

«ምን ሆነሽ? ደህና ትመስያለሽ እኮ። ደህና ሰው እዚያ ገብቶ ነው የሚታመመው።»

ልጅቱ ፈገግ አለች። «እርስዎስ ምን ሆነው ነው?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ። ልጄን ላወጣ ነው። ለቅሶ ሄጄ ባድር ሚስቱ በሰው ትከሻ አሸክማ እዚህ አመጣችው። እግሩን ሊቆርጡት ነው አሉ። መቁረጥማ እንጨት ፈላጭም ይችላል። ቆይ፣ ሳይቆርጡት በፊት ደግሞ ደሙን ይቀዱታል። ቀድተው ቀድተው ሲያበቁ ደም አንሶታል፣ ደም አምጡ ይላሉ። ማን ጠጥቶት ነው ያነሰው?»

ባጃጅ ነጂው ሳቀ። ሰው ሲስቅላቸው ጋሽ ገሠሠ ይብስባቸዋል።

«አንዲት ነጭ ለባሽ አለች አሉ፤ ሥራዋ መቅዳት ብቻ ነው። ቢንቢ በያት። ቢንቢ እንኳ ስትጠግብ ትሄዳለች።»

«እሷ አትጠግብም?» አለች ልጅቱ።

«በምን አንጀቷ!»

ሆስፒታሉ በር ላይ ልጅቱ በግራ፣ እሳቸው በቀኝ ሄዱ። አፍ ሲከፈት ጆሮው የማን እንደሆነ መጠየቅ ጥሩ ነበር፤ ግን ይህን ያህል አስተዋይ ሰው በባጃጅ ውስጥ መቼ ይገኛል?

ልጃቸው ፍቅሩ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ተኝቷል። ፍቅሩ ማር ቆራጭ ነው፤ ጫካ ገብቶ ረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅል እርጥቡ ቅርንጫፍ ከዳውና ወደቀ። የቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። አባት እያለ ሌላ ማን ሊነካው! ጋሽ ገሠሠ ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ በጨርቅ ጠፍረው አሰሩት። «ካልጠበቀ አይገጥምም» የሚል ሕግ አላቸውና ፍቅሩ በጮኸ ቁጥር ማሰሪያውን ጠበቅ አደረጉለት። እግሩ አበጠ። ጣቶቹ ቀዘቀዙ። ከዚያ ጠቆሩ። ከዚያ መሽተት ጀመሩ። ጋሽ ገሠሠ «መግሉ ሊወጣ ነው» አሉ እንጂ ማሰሪያውን አልፈቱም።

አሁን ፍቅሩ ዓይኑ ተከፍቷል፤ ግን የሚያየው ሰው የለም። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠዋል። ሚስቱ ተሾመች አፉን በጨርቅ ትጠርጋለች፤ ጨርቁ ላይ ደም አለ። ጥርሱ ሳይነካ ድዱ ይደማል።

«ተነሽ» አሏት ጋሽ ገሠሠ። «ወደ ቤት ልንሄድ ነው።»

ተሾመች አልተነሳችም። «ሐኪሙን ያናግሩት፣ አባባ።»

ሐኪሙ ዶክተር ግዛቸው ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። «እግሩ ሞቷል» አላቸው። «መርዙ ወደ ሰውነቱ እየገባ ነው። ካልቆረጥነው ይሞታል። ግን የተወጋበት ቦታ ሁሉ እየደማ ነው፤ እንዲሁ ብንቆርጠውም ጠረጴዛው ላይ ሊሞትብን ይችላል። መጀመሪያ ደሙ ይረጋ እንደሆነ እንይ። ሩሀማ፣ ነይ።»

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ሩሀማ መጣች። ነጭ ካፖርት ለብሳለች፣ በአንድ እጇ መርፌ፣ በሌላው ጣት የምታህል የመስታወት ብልቃጥ ይዛለች። የባጃጇ ልጅ ናት።

«ቢንቢዋ መጥታለች፣ ጋሽ ገሠሠ» አለች። ስማቸውን ከተሾመች ሰምታለች።

ሌላ ሰው አፍሮ አንገቱን ይደፋ ነበር። የጋሽ ገሠሠ አንገት ግን ያንን አልለመደም። «እንኳን መጣሽ» አሏት። «ከዚህ ልጅ አንዲት ጠብታ አትወስጂም። የሚደማ ሰው ደም ይጨመርለታል እንጂ ይቀዳበታል?»

«ልክ ነዎት፣ ይጨመርለታል። የቱ ደም እንደሚጨመርለት ግን በምን ልወቅ?»

«ደም ደም ነው።»

«እሺ» አለች ሩሀማ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ። «በሬ ሲያርዱ ደሙን ገበቴ ላይ ቢያስቀምጡት ምን ይሆናል?»

«ይረጋላ! ይህን ለመጠየቅ ነው ኮሌጅ የገባሽው?»

«ባይረጋስ?»

«የማይረጋ ደም አይቼ አላውቅም።»

«እኔ አይቻለሁ። ሰውየው ሲሞትም አይቻለሁ። ሲቆረጥ ትልልቁን ደም ሥር ዶክተር ያስረዋል። ዓይን የማያየውን ትንንሹንስ ማን ያስረዋል? ደሙ ራሱ ረግቶ ነው የሚደፍነው። እርስዎ የአጥንት ወጌሻ እንደሆኑት ሁሉ ደምም የራሱ ወጌሻ አለው። ያ ወጌሻ ከሌለ፣ የሚያፈስ ጀሪካን ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው። እኛ እንጨምራለን፣ እሱ ያፈሳል። ደሙም ያልቃል፣ ልጅዎም ያልቃል።»

ጋሽ ገሠሠ ወደ ልጃቸው አዩ። ከአፉ ጥግ ቀጭን ቀይ መስመር ወርዶ ትራሱን ነክቷል። ዝም ቢሉ ያምርባቸው ነበር።

«ይህቺ ብልቃጥ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። ደሙን ጨምሬ ሳላንቀሳቅስ ሃያ ደቂቃ አቆማታለሁ። ከዚያ አንዴ አዘነብላታለሁ። ከረጋ ይቆማል፣ ካልረጋ ይፈሳል። ትልልቅ ሆስፒታል ይህንን የሚሠራ ማሽን አለ፤ እኛ ጋ ብልቃጥና ሰዓት ነው ያለው።»

«በኦሞ ያጠባችሁት ብልቃጥ ይሆናል። ሳሙና የነካው ነገር ምን ይረጋል! ወተትም አይረጋም።»

ሩሀማ ቀና ብላ አየቻቸው። መሳቅ ፈልጋ ነበር፤ ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም፤ እውነት ነው። «ጋሽ ገሠሠ፣ ይህን ጥያቄ ተማሪም ሆኖ የጠየቀኝ የለም። ሳሙና ያበላሸዋል። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ፦ ከዚሁ ዓይነት አንድ ብልቃጥ የእርስዎን ደም እቀዳለሁ። የእርስዎ ረግቶ የሱ ካልረጋ ጥፋቱ የብልቃጥ አይደለም። ሁለቱም ካልረጉ ግን ቢንቢ ብቻ ሳልሆን ሌባም ይበሉኝ፣ ልጅዎንም ይውሰዱ።»

ወጌሻ ሲደፈር ወደ ኋላ አይልም። ጋሽ ገሠሠ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መርፌው ሲገባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ስንቱን አጥንት ቀጭ ያደረገ ሰው መርፌ ማየት እንደሚፈራ ያን ቀን ተሾመች ብቻ አየች፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም።

ከፍቅሩም ተቀዳና ሁለቱ ብልቃጦች መስኮቱ ሥር ቆሙ። ማንም እንዳይነካቸው ጋሽ ገሠሠ ራሳቸው ዘብ ቆሙ። ሰዓቱ ሲሞላ ሩሀማ የእሳቸውን አነሳችና ዘቅዘቅ አደረገችው። ደሙ እንደ ጉበት ቁራጭ ተጣብቆ ቀረ። የፍቅሩን አነሳች። ገና ጋደም ስታደርገው ደሙ እንደ ቀይ ሻይ ወደ ብልቃጡ አፍ ሮጠ።

«ድገሚው» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

«አንዲት ጠብታ አትወስጂም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ድገሚው አልኩሽ፣ ልጄ።»

ደገመችው። ያም ፈሰሰ።

ዶክተር ግዛቸው ተጠራ። ብልቃጡን አየና ወደ ተሾመች ዞረ። «ሲመጣ ጠይቄሽ ነበር። ምንም መድኃኒት አልወሰደም ብለሽኛል።»

ተሾመች መሬት መሬት አየች። መልሷን ከመሬት ሳይሆን ከአማቷ እንደምትጠብቅ ያስታውቃል። ጋሽ ገሠሠ የፍቅሩን እጅ ያዙ፤ እንደ ምድጃ ድንጋይ ይፋጃል። በዚያች ሰዓት ሁለት ነገር ከፊታቸው ነበር፦ አያት ቅድመ አያት ያቆዩት ስም፣ እና ይህ የሚፋጅ እጅ።

«እሷን ተዋት» አሉ። «ማንም ቢጠይቅሽ ምንም አልወሰደም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። የዘነበችን ኪኒን ሰጥቼዋለሁ።»

ዘነበች ጎረቤታቸው ናት። ከወለደች በኋላ አንድ እግሯ እንደ ግንድ አብጦ ሆስፒታል ሄደች፤ ደም እግርሽ ውስጥ ረግቷል ብለው ደም የሚያቀጥን ኪኒን ሰጧት። እብጠቱ ጠፋ። መንደሩ ስለ ደም የተባለውን ረሳና «የእብጠት ኪኒን» የሚል ስም አወጣለት። የፍቅሩ እግር ሲያብጥ ዘነበች በደግነቷ ከራሷ ቀንሳ ሰጠች። ጋሽ ገሠሠ ደግሞ «እሷ ቀጭን ሴት ናት፣ ይሄ ጎረምሳ ነው» ብለው እጥፍ አደረጉት። እብጠቱን በዓይናቸው አይተዋል፤ ኪኒኑንም በዓይናቸው አይተዋል፤ መሀሉ ላይ ያለውን ደም ግን አላዩም። የመንደር ሕክምና ችግሩ ይኸው ነው፤ የሚታየውን ሁሉ በደንብ ያያል።

«እብጠት እብጠት ነው ብዬ ነው» አሉ ጋሽ ገሠሠ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«የሷ እግር ያበጠው ደሟ አለቦታው ረግቶ ነው» አለች ሩሀማ ቀስ ብላ። «የሱ ያበጠው አጥንቱ ተሰብሮ፣ ማሰሪያውም ደሙን ዘግቶት ነው። የሷን ያዳነ ኪኒን የሱን ወጌሻ ገደለበት።»

«የትኛውን ወጌሻ?»

«የደሙን።»

ጋሽ ገሠሠ ከልጃቸው አፍ ጥግ የወረደውን ደም በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

ዶክተር ግዛቸው ጊዜ አላባከነም። ኪኒኑን የሚሽር መርፌ ቫይታሚን ኬ አዘዘ። «ግን እስኪሠራ ሰዓታት ይፈጃል፣ እግሩ ደግሞ ብዙ አይጠብቀንም። ፍሪጅ ውስጥ የሚሆነው ደም አለ። ግን የቆየ ደም መቅላቱን ይዞ መርጋቱን እየተወ ይሄዳል። ከሰው የተቀዳ ትኩስ ደም ያስፈልገኛል።»

የጋሽ ገሠሠ ደም ከልጃቸው ጋር አልገጠመም። ስለዚህ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለው ስልካቸውን አወጡ። ክንዱን ላሰሩለት ደወሉ፣ ትከሻውን ለመለሱለት ደወሉ። እያንዳንዱ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «እርስዎ ሆስፒታል ምን ይሠራሉ?» እያንዳንዱን መመለስ ነበረባቸው። «ልጄን እኔው አበላሸሁት» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደተናገሩት እሳቸው ያውቃሉ። አንዳንዱ ስልኩን ዘጋ። አንዱ «ደም የሰጠ ወንድ ከሚስቱ ጋር አይሆንም ይላሉ» አለ። «እኔም እንደዚያ እል ነበር» አሉት፤ «ውሸቴን ነው።» ለዘነበችም ደወሉ፤ ቀንሳ የሰጠችው ኪኒን ለራሷ ስለሚጎድላት ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪሟ እንድትሄድ፣ ከእንግዲህም ለልጇ እንኳ እንዳትሰጥ ነገሯት። ዘነበች አለቀሰች። ማባበል አልቻሉም፤ ስልኩን ይዘው ለቅሶዋን ሰሙ።

በመጨረሻ ጥቂት ሰዎች ከደካ በፒካፕ መጡ፤ የጎደለውን ሩሀማ ስልክ ደውላ ያመጣቻቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሞሉት። ደማቸው ተመርምሮ ከአንዱ በቀር ለሁሉም «ደህና ነው» ተባለ። ያም አንዱ ጉበቱ እንደታመመ ያወቀው በዚያ ቀን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሩሀማ የፍቅሩን ደም እንደገና ቀድታ ብልቃጡን አዘነበለችው። ደሙ ረግቷል፤ ግን እንደ ቀጭን አጥሚት ይንቀጠቀጣል። «በቂ አይደለም፣ ግን ከዚህ በላይ አንጠብቅም» አለ ዶክተር ግዛቸው፤ ፍቅሩን ይዘውት ገቡ።

ጋሽ ገሠሠ ላብራቶሪው በር ላይ ተቀመጡ። ሩሀማ ከኦፕራሲዮን ክፍል ብልቃጥ ይዛ ስትወጣ ዓይናቸው ይከተላታል።

«አሁንም እየቀዳሽ ነው?» አሉ። ቁጣ አልነበረውም፤ ፍርሃት ነው።

«እየቆረጡት ደሙ ባሕርዩን ይለውጣል፣ ጋሽ ገሠሠ። የትናንት መልስ ለዛሬ አይሆንም። ደም ፈሰሰ ብሎ በግምት መጨመርም ይገድላል፤ የበዛ ደም ሳንባ ያጥለቀልቃል። ብልቃጧ ስትነግረኝ እኔ ለዶክተር እነግራለሁ፤ እሱ ትኩሱን ይስጥ፣ የፍሪጁን ይስጥ፣ ወይ ያቁም ይወስናል።»

«ያን ሁሉ ጊዜ እስክትረጋ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?»

«አንጠብቅም። የሚፈሰውን እያዩ ይሠራሉ፤ ብልቃጧ ስትደርስ ታርማቸዋለች። ማሽኑ ቢኖረን ቶሎ ይነግረን ነበር።»

አንደኛዋ ብልቃጥ ፈሰሰች። ሩሀማ ሮጠች። ጋሽ ገሠሠ የፈሰሰውን አይተዋልና ማንም ሳይነግራቸው ምን ማለት እንደሆነ አወቁ። የጋቢያቸውን ጫፍ ነከሱ። ትኩሱ ደም ገባ። ሁለተኛዋ ብልቃጥ ስትዘነበል ዳር ዳሩ ያዘ፣ መሀሉ ሸሸ። እንደገና ትኩስ ደም። ሦስተኛዋን ሩሀማ ስታዘነብላት ጋሽ ገሠሠ ተንበርክከው ከሥር ያዩ ነበር። ደሙ ከብልቃጡ ወገብ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ቆመ» አሉ። «ቆመ አይደል፣ ልጄ?»

«ቆሟል። የቀረውን ደም አቁሙ ልበላቸው።»

የተረፈው አንድ ከረጢት ትኩስ ደም ወደ ወሊድ ክፍል ሄደ። እዚያ ከቢታ ገነት የመጣች፣ ወልዳ ደሟ አልቆም ያለ ሴት ነበረች። ጋሽ ገሠሠ ከረጢቱ በአጠገባቸው ሲያልፍ አዩት። በግምት ቢሰጥ ኖሮ ለልጃቸው ሳያስፈልግ ይገባ ነበር፤ ያቺም ሴት ባዶ እጇን ትቀር ነበር።

ፍቅሩ በሕይወት ወጣ። እግሩ ግን ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል።

ደም የሰጡት የደካ ሰዎች ለመሄድ ሲነሱ ጋሽ ገሠሠ በሩ ላይ አቆሟቸው። ማንም ንግግር ያድርጉ አላላቸውም፤ ግን ልማድ ነው።

«ስሙኝ» አሉ። «ቢንቢ ያልኳት ልጅ ደሙን ባትቀዳ ኖሮ ሐኪሙ እንዲሁ ይቆርጠው ነበር፣ ልጄም ጠረጴዛው ላይ ፈስሶ ያልቅ ነበር። እኔም ሐኪም ገደለው እል ነበር። እናንተም ታምኑኝ ነበር። አጥንት የተሰበረ ሰው ወደ እኔ አታምጡ፤ አጥንቱ ፎቶ ወደሚነሳበት ሆስፒታል ውሰዱት። የታሰረ ሰው ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ማንም ይሰረው ማን፣ እኔም ልሰረው፣ ፍቱት። ሐኪም ምን ወሰደ ካለ የመንደር ቅጠልም ይሁን የጎረቤት ኪኒን ንገሩት፤ የደበቃችሁት ነገር ሬሳ ሆኖ ይወጣል። የአንዱን መድኃኒት ሌላው አይዋጥ። ደምም ስጡ። ደማችሁን ለሚያስፈልገው ሰው የሚያስፈልገውን ያህል የምታደርሰው ያቺ ምርመራ ናት።»

«ታዲያ ሥራዎን ሊተዉት ነው?» አለ አንዱ።

«ወለምታህን መጥቼ አሽልሃለሁ። አጥንትህን ግን አልነካም።»

ሰዎቹ ፒካፑ ላይ ወጡ። የአንድ ወጌሻ መለወጥ ጌሻን በሙሉ አይለውጥም፤ ግን በዚያ ዓመት በእሳቸው መንደር ማንም ጣቱ ጠቁሮ አልሞተም፤ የተሰበረ ሁሉ ተጉዞ ሆስፒታል ደረሰ። ይህ ሁሉ ግን ለፍቅሩ እግር አልሆነለትም።

ትኩሳቱ ሲለቀው ፍቅሩ ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። ብርድ ልብሱ በግራ በኩል ቁመቱን ይዟል፤ በቀኝ በኩል መሀል ላይ ወደ ፍራሹ ወርዶ ተኝቷል። ያንን ብዙ አየው። አባቱ አጠገቡ ወንበር ላይ ነበሩ።

«አባዬ፣ ቀፎዎቹን ማን ሊያወርዳቸው ነው?»

«እኔ።»

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«ሌላ ማን አለ?»

«ወድቀው ቢሰበሩስ? ማን ያስርዎታል?»

ጋሽ ገሠሠ ልጃቸው ይህን የጠየቀው አዝኖላቸው ይሁን ሊወጋቸው አላወቁም፤ ለሁለቱም መብት አለው።

«ማንም እንዳያስረኝ» አሉ። «እንዳለሁ ወደዚህ አምጡኝ። የዋጥኩት ነገር ካለም አንድም ሳትደብቁ ለሩሀማ ንገሯት።»

ፍቅሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሳይዞር፣ «እሺ፣ እናመጣዎታለን» አላቸው።